የማይንቀሳቀስ ወለል

ያን ዕለት ጠዋት የቀሰቀሰኝ የራሴ ማንቆርቆሪያ ነው። ክዳኑ ልል ስለሆነ ውሃው ሊፈላ ሲል ሁለት ጊዜ ቋ ቋ ይልና፣ ትንሽ አርፎ፣ ከዚያ መንጣጣት ይጀምራል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ድምፅ ተነስቼ ሥራ ስለገባሁ ከሌላ ማንቆርቆሪያ ጋር አላምታታውም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ እኔ የተኛሁት ልጄ ቤት ነው፤ ማንቆርቆሪያው መኖር ያለበት ደግሞ ከከተማው ማዶ፣ በተቆለፈው ክፍሌ ውስጥ፣ መደርደሪያው ላይ ነው። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። በጥቁር ክር አንጠልጥዬው ሰባት ወር አብሮኝ ተኝቷል። እጄን ወደ ደረቴ ሰድጄ ዳሰስኩት፤ አለ።

ከአልጋዬ እስከ ወጥ ቤቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። በቀኝ እጄ ከዘራዬን ይዤ፣ በግራ ትከሻዬ ግድግዳውን እየታከክሁ ደረስኩ። ራሱ ነው። እጀታው ተሰብሮ በገዛ እጄ በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የጠመጠምኩት፣ ቂጡ የጠቆረ፣ የኔው ማንቆርቆሪያ የልጄ ምድጃ ላይ ተጎልቶ ይንጣጣል። የልጄ ባል ለራሱ ሻይ እየቀዳ እንደ ሁልጊዜው እንዴት አደሩ እማማ አለኝ። ልጄ ግን ዓይኔ የት እንዳረፈ አየች። ፊቷ ተለዋወጠና ወዲያው ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞራ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ያዘች። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት የቆረጠ ሰው ሳይከፍል የገባ ተሳፋሪን ከጀርባው ያውቀዋል፤ ሁልጊዜ ግን አይጮህበትም፤ አንዳንዴ ዝም ብሎ ቆሞ ያየዋል። ልጄን ቆሜ አየኋት። ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ አጠበችው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ አማቼ ደግሞ ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሊፍት ሲያወጣና ሲያወርድ ይውልና ማታ ማታ ወደ ቤቱ አርባ ሁለት ደረጃ በእግሩ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ እያሾፍኩበት ይስቅልኝ ነበር፤ አሁን ሁለታችንም ረስተነዋል። የልጅ ልጄ አልጋዋን ለኔ ለቃ ሳሎን ሶፋ ላይ ትተኛለች፤ ስመጣ ሶፋው ሰፍቷት ነበር፣ አሁን ግን እግሯ ከጫፉ ሊወጣ ሁለት ጣት ቀርቶታል። ማንም ምንም አይለኝም። ግን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ስወጣ ሦስቱም በር ላይ ተሰልፈው ሳገኛቸው፣ በሥራ ዘመኔ ስንቱን ሕዝብ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያልኩ እንዳስጨነቅኩት ትዝ ይለኛል። መስመሩ ላይ ስሜ ራሱ ጠጋ በሉ ነበር። ዘንድሮ ጠጋ የሚባልልኝ እኔ ሆንኩ።

የኔ ክፍል ከአውቶቡስ ጋራዡ አጥር ሥር ናት። ርዝመቷ አምስት እርምጃ፣ ስፋቷ ሦስት። ጎህ ሲቀድ አውቶቡሶቹ ሞተር ሲያስነሱ መስኮቷ ትንቀጠቀጣለች፤ ለሌላ ሰው መከራ ነው፤ ለኔ ግን ከዚያ የሚጥም እንቅልፍ የለም። ስትሮኩ ግራ ጎኔን ሲጥለው ልጄ ተሸክማ ቤቷ አመጣችኝ፤ ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፣ ክፍሌን እንዳትለቅብኝ። ቃል ገባችልኝ። ማገገሚያ ማዕከሉ በሚዛን ማሠልጠኛው ሮቦት ላይ ሲመዘግበኝም ነገሩ ግልጽ ነበር፤ በመጨረሻው ፈተና ከመቶ ሰባ አምስት ካመጣሁ ብቻዬን መኖር እንደምችል ወረቀት ይጻፍልኛል፣ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። ፈተናው ያን ዕለት ነበር። ስለዚህ ማንቆርቆሪያዬ ከኔ ቀድሞ የት ሊሄድ ወጣ እያልኩ ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ታክሲው ውስጥ ከልጄ ጋር ኋላ ተቀመጥን። በሳምንት ሦስቴ የምንከፍለው የደርሶ መልስ ሂሳብ ሁለት ኪሎ ስኳር ይገዛል፤ ሾፌሩ ደግሞ ነዳጅ ጨመረ፣ ጎማ ጨመረ እያለ ዕድሉን ሲያማርር መጣ። ልጄ እሺ፣ አዎ፣ እውነት ነው እያለች መለሰችለት። ሌላ ቀን ቢሆን ሦስት ነገር ትነግረኛለች፤ ካሸር ሆና የምትሠራበት ሱፐርማርኬት አለቃ ምን እንዳለ፣ ልጅቷ በሒሳብ ስንት እንዳመጣች፣ ጎረቤት ማንን እንደሰደበ። ያን ዕለት አንዱንም አላነሳችም። እኔ በመስኮት እያየሁ ሒሳቤን ሠራሁ። ቁልፉ ከአንገቴ የሚወርደው በአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሮቦቱ ላይ ስወጣ የደረት ቀበቶ ስለሚያጠብቁብኝ ቁልፉ አጥንቴን ይወጋኛል፤ ስለዚህ አውልቄ ለልጄ እሰጣታለሁ፣ ስጨርስ ትመልስልኛለች። አርባ ደቂቃ ነው። ማዕከሉ ፊት ለፊት ደግሞ በአምስት ደቂቃ ቁልፍ ቀርፆ የሚሰጥ ኪዮስክ አለ። ቁልፉን ከማንም ሰውሬ ያኖርኩት እሷ እጅ ነበር።

መቆያ ክፍሉ ውስጥ አብሮኝ የሚሠለጥነው ልብስ ሰፊ ቀድሞን መጥቷል። የሚንቀጠቀጥ በሽታ ያለበት፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰውዬ ነው፤ ድሮ እጄ መርፌ ስይዝ አይነቃነቅም ነበር፣ አሁን የስፌት መኪናው እኔ ራሴ ሆኜ አረፍኩት እያለ ሁላችንንም ያስቀናል፤ በሽታው ላይ እንዲህ መሳቅ ለሁሉም አይሰጥም። ዛሬ እንደምፈተን ያውቃል። ለሰው ሽማግሌ ትልኪያለሽ፣ ለማሽን ግን አማላጅ የለውም፣ ያየውን ነው የሚናገር አለኝ። እኔም አዎ አልኩት፤ አዎ ስል ግን ከውስጤ አልወጣም። ምክንያቱም እኔ ስለዚያ ማሽን ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ።

ሮቦት ሲሉኝ መጀመሪያ እጅና እግር ያለው የብረት ሰው መስሎኝ ነበር። መጥቼ ሳየው መሬት ላይ የተቀመጠ ክብ የብረት መርገጫ ነው፤ ከፊቱ ስክሪን፣ ከላዩ ሰው ቢወድቅ የሚያንጠለጥል ቀበቶ፣ ዙሪያውን መያዣ ብረት። መርገጫው ከሥርህ ያዘነብላል፣ ይንሸራተታል፣ ድንገት ይስብሃል፤ አንተ ሳትይዝ መቆም ነው። ስክሪኑ ላይ በክብ ውስጥ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች፤ ስትንገዳገድ ከክቡ ትወጣለች። ስድስት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያው መርገጫው ምንም ሳይንቀሳቀስ ዝም ብሎ መቆም ነው። በመጀመሪያው ቀን ያ ዝም ብሎ መቆም ገደለኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው፣ ገና ጢሙ ያልሞላ ትሑት ወጣት፣ በወገቤ ይዞኝ እንኳ ነጥቧ ከስክሪኑ ልትወጣ ደረሰች። ከዚያ ትንሽ እስቲ ይንቀሳቀስ ብሎ የማሽኑን መነሻ ቁልፍ ሲነካ መርገጫው ከሥሬ እንደ አውቶቡስ ሄደ። ጉልበቴ ያን ጊዜ ነቃ። ማንም ሳያዘው ልል አለ፣ ዳሌዬ ዞረ፣ የሞተው ግራ እግሬ ሳይቀር ጣቶቹን ወደ መሬት ተከለ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በሌላው ትኬት ይዤ፣ ምንም ሳልይዝ የቆምኩበት ወለል ነው። ነጥቧ መሃል ላይ ቁጭ አለች። ባለሙያው ልጅ ተገረመ፤ ማሽኑም ራሱ ተገርሞ ይሁን ምን፣ ወደ ሦስተኛው ደረጃ አዘለለኝ። አሠራሩ እንደዚያ ነው፤ ላይኛውን ደረጃ ያለፈ ሰው ታችኛውን መልሶ አይጠየቅም።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ውጤቴ ሲያድግ ልጁ ሌሎችን ባለሙያዎች እየጠራ ያሳያቸው ጀመር። እኔም ተኩራራሁ፤ ከውድቀት በኋላ ሰው ሲያጨበጭብልህ እንዴት እንደሚጣፍጥ ያልወደቀ አያውቀውም። ግን ከመርገጫው ወርጄ ደህናው መሬት ላይ ስቆም ያው ነኝ። ወለሉ ዝም ሲል ሰውነቴ የሚሠራው ይጠፋዋል። ልጄ ቤት ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። አንዱ አንሶላ ሳጥፍ፣ ምንም ሳይነካኝ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነው፤ ሌላው መታጠቢያ ቤት። ሁለቱንም ጊዜ ማንም አልነበረም፤ በደረቴ ተስቤ አልጋውን ይዤ ተነሳሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ክፍሌ ቀረች፤ ክፍሌ ከምትቀር ደግሞ ዳሌዬ ቢሰበር የሚሻል መስሎኝ ነበር። የዕድሜ ሞኝነት ከልጅነት ሞኝነት ይብሳል፤ ማን ይቆጣሃል።

ተራዬ ሲደርስ ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ እንደ ሁልጊዜው ለልጄ ዘረጋሁላት። ዓይኔን ሳታይ ተቀበለችኝ። ልጁ ቀበቶውን አጠበቀልኝ፤ ዛሬ የሚፈርሙት ዶክተሯ ስለሆኑ እሳቸውም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከስክሪኑ ጎን ቆመዋል። ልጄ ከመስታወቱ ወዲያ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። መርገጫው ተነሳ። ዓይኔን ጨፍኜ አሥራ ሰባት ቁጥር አውቶቡሴ ውስጥ ገባሁ። ከጋራዡ ወጥተን ሆስፒታሉን ስናልፍ ቁልቁለቱ ነው፣ ተረከዝ ላይ ማረፍ፤ ከዚያ የገበያው ጥምዝ፣ ቀኝ ጉልበትን ማላላት፤ ከዚያ ድልድዩ፣ ጎድጓዳውን ሾፌሩ ሁልጊዜ ይረሳዋል፣ እኔ አልረሳውም። መርገጫው ድንገት ሳበኝ፤ አደባባዩ ጋ የሆነ ሰው ዘሎ መንገድ ገብቷል ማለት ነው። አልተንቀሳቀስኩም። ትኬት ያልቆረጠ፣ ትኬት ያልቆረጠ ስል አፌ ሳይንቀሳቀስ አልቀረም። መርገጫው ሲያርፍ መያዣ ብረቱን ጨበጥኩና ዓይኔን ገለጥኩ። ስክሪኑ ሰማንያ ስምንት ይላል።

ልጁ አጨበጨበ። ዶክተሯ በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ ውጤት እንዳላዩ ተናገሩ። እኔ ግን ዓይኔ መስታወቱ ላይ ነበር። ልጄ ቁጥሩን ካለችበት ሆና አይታዋለች። ደስ ያላት ሰው ይነሳል፣ እጁን ያነሳል፣ ቢያንስ ይስቃል። እሷ ቁልፌን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከንፈሯ አመድ መስሎ፣ ወለሉን ታያለች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ክፍሌ የለችም። ማንቆርቆሪያዬ ብቻውን አልወጣም፤ ዕቃዬ ሁሉ ወጥቷል። በውስጤ አንድ ክፉ ነገር ተነሳ። እንኳን ሰማንያ ስምንት አመጣሁ አልኩ፤ እስቲ ከነቁልፉ የት እንደምትወስደኝ አያታለሁ።

ቀበቶው ሳይፈታልኝ፣ ብረቱን እንደያዝኩ፣ ዶክተሯ ወረቀቱን ይዘው መጡ። ልጄንም አስገቧት፤ የቤተሰብ ፊርማም ያስፈልጋል። የት ነው የሚኖሩት ሲሉ ጠየቁኝ። በራሴ ክፍል አልኩ፣ ልጄን ትክ ብዬ እያየሁ። አንድ ጊዜ አልበቃኝም፤ ከዛሬ ጀምሮ አልኩ። ዶክተሯ ወደ ልጄ ዞረው፣ መኖሪያው ዝግጁ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ በሩ ይሠራል የሚል ሦስት መስመር አነበቡላትና እስክሪብቶ ሰጧት። እምቢ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እማዬ ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ልጄ ግን እስክሪብቶውን ተቀበለች። በሰባት ዓመቷ ከጎረቤት ቤት ብርጭቆ ሰብራ የመጣች ጊዜ እንደዚህ ሆና አይቻታለሁ፤ ያን ጊዜም ጥፋቷን ከመናገር የቁጠባ ሣጥኗን ሰብራ አዲስ ብርጭቆ ልትገዛ ነበር የፈለገችው። ልትፈርም ነው። የሌለችውን ክፍል አለች ብላ ልትፈርም፣ ከዚያ ከየትም ብላ፣ ከየትም ተበድራ ሌላ ልትፈልግልኝ ነው። ወረቀቱን አየሁት። ከላይ ያለው የኔ ውሸት ነው፣ ከታች የሚገባው የእሷ። ክፋቴ ከመጣበት በበለጠ ፍጥነት ወጥቶ ሄደ፤ አንጀቴን በላችው።

«ቆይ፣ እንዳትፈርሚ» አልኳት። ከዚያ ወደ ልጁ ዞርኩ። «ይሄን ነገር አጥፋውና እንደገና ፈትነኝ።»

ልጁ አልገባውም። ማሽኑ ጠፍቶ እንዴት እንደሚፈትነኝ ጠየቀ። ጠፍቶ ነው እንጂ አልኩት፤ እጄን ደረቴ ላይ አጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በማይንቀሳቀሰው ላይ ልቁም። እሱ ይሄ እኮ የመጀመሪያው ደረጃ ነው ብሎ ፈገግ አለ። ዶክተሯ ግን ፊቴን አይተው ይሁን አሉ። መርገጫውን ዝም አሰኘው። ከብረቱ እጄን አነሳሁ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም የለም። ቁልቁለት የለም፣ ጥምዝ የለም፣ ሾፌር የለም፤ እግሬ ወለሉን ምን ልታደርግ ነው እያለ ይጠይቃል፣ ወለሉ አይመልስም። ስምንት ሰከንድ ያህል የቆምኩ ይመስለኛል። ከዚያ ግራ ጎኔ እንደ ረጠበ ልብስ ወረደ፤ ቀበቶው ብብቴን ጎትቶ አንጠለጠለኝ። የልጄ ጩኸት ነው መጀመሪያ የሰማሁት፤ ከዚያ እጇን ወገቤ ላይ አገኘሁት።

ልጁ ቀበቶውን ፈታልኝ። ለምን አልነገሩኝም፣ ሁለት ወር ሙሉ ለምን አልነገሩኝም አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣም እልህም ነበረበት። አንተ በሚሄድ ነገር ላይ ጠየቅኸኝ፣ እኔም በሚሄድ ነገር ላይ መለስኩልህ አልኩት። ሥራዬን ነገርኩት፤ አሥራ ሰባት ቁጥርን፣ ድልድዩን፣ ሁለት ጊዜ መውደቄን፣ አንሶላውን። ስሰማው በራሴም አፈርኩ። ዶክተሯ ወረቀቱን ለሁለት ቀደዱት። ብቻዬን መኖር እንደማልችል፣ ልምምዱ ከዜሮ፣ ከማይንቀሳቀሰው ወለል፣ ዓይን ጨፍኖ እንደሚጀመር፣ ቢያንስ አሥር ሳምንት እንደሚፈጅ ጻፉ። ልጁ ደግሞ ከእንግዲህ ማሽኑ ማንንም ቢያዘልል እኔ ታችኛውን ሳልፈትን አላሳልፍም አለ። ከክፍሉ ስወጣ ልብስ ሰፊው ስንት አመጣሽ አለኝ። ስምንት አልኩት። ሰማንያውን የት ጣልሽው አለና ሳቀ፤ ግማሹን ሰምቷል ማለት ነው።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ መስኮት አለ። እዚያ ሥር ተቀመጥን። ልጄ ቁልፉን ከነክሩ ዘረጋችልኝ። አልተቀበልኳትም። እጇ አየር ላይ ቆየ፣ ከዚያ ጭኗ ላይ ወረደ።

«ሰባራዋን ማንቆርቆሪያ እንኳ ትተሽልኝ ብትወጪ ምን ነበር» አልኳት።

ያን ጊዜ ተናገረች። ክፍሌን ከለቀቀች አንድ ወሯ ነው። ቁልፉን ያስቀረፀችው እኔ ሮቦቱ ላይ ሳለሁ ነው፤ ዕቃዬን ባሏ በሁለት ምልልስ አምጥቶ በካርቶን አድርጎ የልጅቷ ቁም ሣጥን ላይና ከአልጋዬ ሥር ከቶታል። አንድ ወር ሙሉ እሱ ላይ ተኝቼ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁም፤ ጎንበስ ካልኩ እወድቃለሁና። አከራይዋ ቁልፉን ለውጣለች፤ እኔ አንገቴ ላይ ያዞርኩት ምንም አይከፍትም። ዛሬ ጠዋት የነሱ ማንቆርቆሪያ አፈሰሰና ባሏ ሳያስብ ከካርቶኑ የኔን አወጣ። ሁለት ቤት መክፈል አቅቷቸዋል፤ ይሄን ስትል ድምፏ ዝቅ አለ። ግን እሱ ብቻ አይደለም አለች። ገላዬን ስታጥበኝ ዳሌዬ ላይ የጠቆረ ነገር አየች፤ አንድ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ፣ አንድ ጊዜ አዲስ። ጠብቃ ጠብቃ እኔ አልነገርኳትም።

«በርሽን ቆልፈሽ ብትወድቂ ማን ይሰማሻል ብዬ ነው እማዬ። አውቶቡሶቹ ናቸው የሚሰሙሽ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ መውደቅሽን ለምን አልነገርሽኝም?»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከመስኮቱ ማዶ ቁልፍ ቀራጩ ኪዮስኩ በር ላይ ቆሞ ዳቦ ይበላል፤ ሰውዬው ምን አጠፋ፣ ግን ጠላሁት። ክፍሌን አለቀስኳት። ድምፅ ሳላወጣ፣ የመስኮቷን መንቀጥቀጥ፣ የትኬት ቦርሳዬን የምሰቅልበትን ምስማር፣ በሬን ከውስጥ ስቆልፍ የሚለውን ቀጭ እያሰብኩ አለቀስኳት። ልጄ ዝም በይ አላለችኝም። ክሩን ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ጎኔ ተቀመጠች። ስጨርስ አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠረግኩና፣ ቁልፉን አንቺው ጋ ይቀመጥ፣ እኔን ከእንግዲህ አይወጋኝ አልኳት።

ውጪ ታክሲ ልጥራ አለች። በአውቶቡስ እንሂድ አልኳት። ዓይኗ ፈጠጠ። ሰባት ወር አውቶቡስ አልረገጥኩም፤ ብወድቅ በማን ይፈረዳል፣ ሰዓቱ የሰው ሰዓት ነው፣ ደረጃው ከፍ ይላል፣ ብዙ አለች። በታክሲው ሂሳብ ሁለት ኪሎ ስኳሩን ለልጅሽ ግዢበት አልኳት። ማቆሚያው ቅርብ ነው፤ ግን እዚያ ለመድረስ ክንዷን ሙሉ ለሙሉ ይዣት ሄድኩ፤ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳ ሳልፈልግ፣ ደህና ነኝ ሳልል። አውቶቡሱ መጣ። ሁለት ሰዎች ከላይ ሳቡኝ፣ ልጄ ከታች ገፋችኝ፤ እንደ ጆንያ ገባሁ። ሞልቷል። ትኬት ቆራጯ ወጣት ሴት ናት፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ «ጠጋ በሉ» አለች በለሰለሰ ድምፅ። እንደሱ አይባልም ልላት ነበር፤ ከሆድ ነው የሚወጣው። አንድ ሰው ቦታ ሊለቅልኝ ተነሳ። አመስግኜ ተቀመጥ አልኩት።

በሩ ተዘጋ፤ ሾፌሩ ማርሽ አስገባ፤ ወለሉ ከሥሬ ሄደ። ጉልበቴ ያውቃል። ከዘራዬን ክንዴ ላይ አንጠለጠልኩ። ጥምዙ ላይ ልጄ በሁለት እጇ ብረት ይዛ እንኳ ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ላይ ተጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ልጅ ናት፣ ግን በማይሄድ ወለል ላይ ነው። በቀኝ እጄ ወገቧን ያዝኩና ወደ ራሴ አስጠጋኋት። ድሮ ትምህርት ቤት ሳትገባ አብራኝ መስመር ስትውል እንዲሁ ነበር የምይዛት፤ ቁመቷ ያን ጊዜ ከቦርሳዬ አይበልጥም። ብረቱን ለቀቀች። ክብደቷን በሙሉ ሰጠችኝና ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አደረገች፤ ጥምዝ ስናልፍ ሁለታችንም አብረን ዘመምን፣ አብረን ተቃናን። ታለቅስ ነበር፤ ሰዎች ለምን እንደሆነ ገርሟቸው ያዩናል። እኔ መንገዱን ነበር የማየው። ከፊታችን የኛ ማቆሚያ ብቅ አለ።

«እስኪቆም ድረስ እኔ ይዤሻለሁ» አልኳት በጆሮዋ። «ሲቆም ግን አንቺ ያዥኝ።»

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። አውቶቡሱ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ተንጓለለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ወለሉ ዝም አለ። ያዘችኝ።